እንሰቱ የት አለ?

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ መዝገብ ቤት ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። አንድ ወጣት ጠበቃ ማመልከቻው ተመልሶበት እየተንጨረጨረ ወጣ። የጎደለው አንድ አባሪ ወረቀት ነው። «ሕጉ ላይ የሌለ ነገር። እዚህ ቤት ብቻ ያወጡት ደንብ» እያለ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቀው። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ፈገግ አሉና ለራሳቸው ያህል፣ «ጋሽ ኸይሩ ቢሰሙህ ጉድህ ፈልቶ ነበር» አሉ።

ስሙን ስሰማ ዘወር አልኩ። «የቡታጅራውን ጋሽ ኸይሩን ነው?»

«ያውቋቸዋል እንዴ? አረፉ እኮ። ዛሬ ዐሥረኛ ቀናቸው። እኔም ከለቅሶ መመለሴ ነው።»

ዘጠና አልፏቸው ነበር አሉ። ጤናቸው ሳይጓደል፣ ልጅና የልጅ ልጅ ከበዋቸው ነው የሄዱት። እንዲህ ላለ ሞት ማልቀስ ነውር ይመስላል፤ እኔ ግን እዚያው አግዳሚ ላይ ዕንባዬ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ፤ ጋሽ ኸይሩን አስቦ ሳይስቅ የሚቀር ሰው የለም። ወጣቱ ጠበቃ ያበድኩ መስሎት ፈንጠር ብሎ ቆመ።

ጋሽ ኸይሩ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት የቡታጅራ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ሬጅስትራር መዝገብ ይከፍታል፣ ቀጠሮ ይጽፋል፣ ፋይል ያስቀምጣል፤ አይፈርድም። ሆኖም ዳኛውን የማይፈራ ጠበቃ እንኳ እሳቸውን ይፈራ ነበር። አጭር፣ ጠይም፣ ቡናማ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ፤ ጃንጥላቸውን በክረምትም በበጋም ይዘው ይወጣሉ። መነጽራቸውን ወረቀት ሲያነቡ ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉታል፣ ሰው ሲያዩ ዓይናቸው ላይ ያወርዱታል። መነጽር ሠሪው ይህን ቢያይ ምን ይል እንደ ነበር እንጃ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ማመልከቻ ሲመልሱ ነው። ወረቀቱን አጣጥፈው አይወረውሩም፤ ብድግ ብለው፣ በሁለት እጃቸው፣ ትንሽ ጎንበስ ብለው ነው የሚሰጡት፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። ተናደህ እንኳ እጅ ነስተህ ነው የምትቀበለው።

ከመዝገብ ቤቱ በር ጎን በእጃቸው የጻፉት፣ ዳኛው የፈረሙበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የዚያ ፍርድ ቤት የውስጥ ደንብ ነው፤ ዐሥራ አንድ ቁጥር አለው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምንሄድ ጠበቆች እያነበብን እንስቅበት ነበር። «ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ባለጉዳይ በክረምት ከአምስት ሰዓት በፊት አይጠራም» ይላል አንዱ። «ጠበቃ አስተርጓሚው እስኪጨርስ ዝም ይበል» ይላል ሌላው። «ጠበቃ ባላጋራውን በስሙ ይጥራ» የሚልም አለበት። እኔ ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሕግ ማለት በቆዳ የተጠረዘ፣ በጠረጴዛ ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ነገር ይመስለኛል። በር ጎን በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ሕግ ነው ብሎ ማን ያስረዳኝ።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ስለ ወንዙ ጠየቅኋቸው።

«አንድ ሰውዬ ነበር» አሉኝ መነጽራቸውን አውርደው። «ሱሪውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ወንዙ እስኪጎድል ማዶ ቆሟል። እኛ እዚህ ሦስት ጊዜ ስሙን ጠራን፤ የለም። ቀርቷል ብለን መዝገቡን ዘጋን። ቀርቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ግን አልቀረም፤ ከኛ ቀድሞ ነው ከቤቱ የተነሣው።»

«እና ደንብ አወጣችሁ?»

«ዳኛው አወጡ። እኔ ጻፍኩት። እያንዳንዱ ቁጥር የተጻፈው አንድ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንዝ ድልድይ አለው፤ የኛ የለውም።»

ታዲያ አድላዊ እንዳይመስሏችሁ። አንድ ጊዜ የገዛ አማቻቸው ማመልከቻ በሰዓቱ ሳያደርስ ቀርቶ፣ በሁለት እጃቸው መልሰውለታል። ሚስታቸው ሳምንቱን ሙሉ አኩርፈዋቸው ነበር አሉ። ሲጠየቁ የሚሉት ነገር አንድ ነው፦ «ደንቡ እኔን አያውቀኝም፣ አንተንም አያውቅህም። የምወደውም ለዚህ ነው።»

ከእሳቸው ጋር ያጣላኝና በኋላም ያወዳጀኝ የወይዘሮ ብርቄ ጓሮ ነው። ወይዘሮ ብርቄ ከቡታጅራ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ ከተራራው ሥር ባለ መንደር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ባላቸው በዚያው ዓመት መስከረም ሞተዋል። የባላቸው ታናሽ ወንድም አቶ ሳህሌ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በላይ አዲስ አበባ ኖሮ ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ወንድሙ በሞተ በጥቂት ወር ውስጥ በቤቱና በእንሰቱ መካከል አጥር አጠረና፣ «ይህን እንሰት የተከልኩት እኔ ነኝ» አለ። በዚያ አገር የእንሰት ጓሮ ማለት የቤቱ ጎተራ ነው። ጓሮው የተወሰደበት ሰው ግድግዳና ጣሪያ ቀረልኝ ብሎ አይኖርም፤ ወይ ዘመድ ጋ ይጠጋል ወይ ይሰደዳል። ወይዘሮ ብርቄ መርካቶ የሚነግድ ወንድም ስላላቸው፣ እሱ እኔን ቀጥሮ ላከኝ።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ሐምሌ ሊያልቅ ነው፤ ፍርድ ቤቱ እኔ በደረስኩ ማግስት በስድስት ሰዓት ለነሐሴና ለመስከረም ዕረፍት ይዘጋል። አቶ ሳህሌ ደግሞ ነሐሴ ሲገባ የደረሰውን እንሰት ቆርጬ ለቆጮ አስፍቃለሁ ብሎ ሰው ቀጥሯል። እንሰቱ አንዴ ከተቆረጠ ማን እንደ ተከለው የሚናገር ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት መዝገብ ማስከፈትና የዕግድ ትእዛዝ ማውጣት አለብኝ። እኔም ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ዐሥራ ሁለት ገጽ ክስ፣ በጽሕፈት መኪና፣ የሕጉ አንቀጽ በቁጥር በቁጥሩ ተዘርዝሮ፤ ሁከት ይወገድልኝ የሚል። አዲስ ጫማም አድርጌአለሁ።

ጋሽ ኸይሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ዐሥራ ሁለቱንም ገጽ አነበቡ። አልቸኮሉም። ሲጨርሱ መነጽሩን አወረዱ።

«ጽሑፍህ ያምራል» አሉኝ። «እንሰቱ የት አለ?»

«ገጽ ሦስት ላይ ነው ጋሽ ኸይሩ። በሰሜን የእገሌ፣ በደቡብ የእገሌ ይዞታ እያለ አዋሳኙን...»

«አዋሳኙን አላልኩህም። እንሰቱን ነው የምልህ። ስንት ረድፍ ነው? ስንተኛ ዓመቱ ነው? የቱ ረድፍ ስንት ጊዜ ተነቅሎ ተተከለ? ቁጥር ዘጠኝን አላየህም?»

ቁጥር ዘጠኝን አይቼዋለሁ፤ ስቄበትማለሁ። የእንሰት ጓሮ ክርክር የሚያቀርብ ጠበቃ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ከሳሹ ባለበት፣ አንድ ጎረቤት ከከሳሽ ወገን፣ አንድ ጎረቤት ከተከሳሽ ወገን ይዞ፣ እንሰቱን በረድፍና በዕድሜ ቆጥሮ፣ ሁሉም የጣት አሻራ ያደረጉበትን ወረቀት ከክሱ ጋር ያያይዝ ይላል።

«በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ እንዲህ የሚል የለም» አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«የለም» አሉ ወዲያው። «ሕጉን የጻፉት ሰዎች እዚህ አልመጡም፤ ቢመጡ ኖሮ ይጽፉት ነበር። የኛ ደንብ ሕጉን አይነካም። ሕጉ ማስረጃ አምጣ ይላል፣ እኛ እዚህ አገር ማስረጃው ምን እንደሚመስል እንነግርሃለን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እዚህ ከመግባቴ በፊት ከውጭ ዛፉ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ለአንዲት ሴትዮ ክስ ጻፍኩላት። የኔም ጽሑፍ ያምር ነበር፤ ዳኛው አንብበው አመሰገኑኝ። ቀጠሮው ሲመላለስ ባላጋራዋ እንሰቱን ቆረጠው። ምስክር ሲሰማ አንዱ ስድስት ዓመቱ ነበር ይላል፣ ሌላው ችግኝ ነበር ይላል። ቦታው ላይ ያለው ጉቶ ነው። ተፈረደባት። መሬቱን አንድ ቀን ረግጬው ቢሆን ኖሮ እንሰቱን እቆጥረው ነበር።» ይህን ብለው ብድግ አሉና ዐሥራ ሁለት ገጼን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ልቤ ድቅቅ አለ፤ ግን ትዕቢቴ ገና አልደቀቀም። ቀጥታ ወደ ዳኛው ገባሁ። በማዕረጋቸው ግራዝማች ይባላሉ፤ ዝምተኛ፣ ጺማም ሰው ናቸው። ንግግሬን እስክጨርስ ሰሙኝ። «ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያ እዚህ ግቢ ሁለት ፍርድ ቤት የለም፤ አንድ ነው። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለህ።»

ስወጣ ጋሽ ኸይሩ በመስኮታቸው እግሬን አዩ። «ጫማህን ለውጥ» አሉኝ። «ይህ እገዛ አይደለም። ለተከሳሹም ጠበቃ ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

ጫማ የምለውጥበት ጊዜ አልነበረኝም። ለጉዳዩ ቡታጅራ የመጡትን ወይዘሮ ብርቄን ተከትዬ ከሰዓት በኋላ ጉዞ ጀመርኩ። ሴትዮዋ በዚያ ጭቃ ሲሄዱ መሬቱን የሚነኩት አይመስልም፤ እኔ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። በሦስተኛው ሲያነሡኝ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ጭቃ የለም?» ብለው ከልባቸው ጠየቁኝ። ሳይመሽ ደረስን፣ ቆጮና ጎመን በላሁ፣ እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ጣለኝ። ጎህ ሲቀድ ቆጠራው ተጀመረ።

ከወይዘሮ ብርቄ ወገን አንዲት ጎረቤት መጡ። ከአቶ ሳህሌ ወገን ማን ይመጣል ብዬ ስጨነቅ፣ አጎቱ አቶ ወልዴ ከነቁጣቸው ብቅ አሉ። የሟቹም አጎት፣ የጓሮውም ጎረቤት ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ከሳህሌ ጋር ቆመው ነበር። «የመጣሁት እንዳትዋሹ ነው» አሉ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ።

እኔ እንሰት ማለት ትልቅ ቅጠል ያለው ተክል ነው ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረም። እንሰት አንዴ ተተክሎ የሚተው ነገር አይደለም። በየዓመቱ ይነቀላል፣ ርቀቱ ሰፋ ተደርጎ እንደገና ይተከላል፤ እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ግንዱንና ርቀቱን አይቶ የረድፉን ዕድሜ ይነግርሃል፣ እኛ የልጅ ቁመት አይተን ዕድሜውን እንደምንገምተው። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ጎረቤትየዋ አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ወረቀቴ ላይ ጥላ ያዙልኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ አቶ ወልዴ እየተቆጡ ይቆጥራሉ።

«ይሄ ረድፍ?»

«አራት ዓመቱ።»

«አምስት አይሆንም?» አልኩ፣ ትንሽ ለመጨመር።

«አራት ነው አልኩህ። እንዳትዋሽ ብዬህ የለም?»

ስምንት ረድፍ ቆጠርን። ትንሹ ሦስት ዓመቱ፣ ትልቁ ስድስት። አቶ ሳህሌ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተመለሰው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። ይህን ሳሰላ ከደስታ ብዛት ዝናቡን ረሳሁት። ያ ሁሉ የሕግ አንቀጽ ያልነገረኝን ስምንት ረድፍ እንሰት ነገረኝ።

ከጓሮው ጥግ ግን ሁለት ረድፍ ችግኝ ቀርቷል። አቶ ሳህሌ አጥሩን ካጠረ በኋላ በዚያው ዓመት የካቲት የተከላቸው ናቸው። እነዚህን ብጽፍ ለባላጋራዬ መሣሪያ ማቀበሌ መሰለኝ። «እነዚህ ትናንሽ ስለሆኑ እንተዋቸው» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ወይዘሮ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን? ተክሎታል እኮ።»

«እትዬ፣ ይጎዳናል።»

«እሱ ተክሎ ሳለ አልተከለም ልበል? ጻፈው ልጄ። ስሙንም ጻፍ።»

አቶ ወልዴ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ችግኙን አዩ። ከዚያ በኋላ አልተቆጡም፤ ተራቸው ሲደርስ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አስነክተው በጥንቃቄ አሳረፉ።

ቡታጅራ የደረስኩት ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። የአንዱ ጫማዬ ሶል ክፉኛ ተገንጥሎ ቧ ቧ ይላል። ጋሽ ኸይሩ መነጽራቸውን ሰቅለው ወረቀቱን ረድፍ በረድፍ አነበቡ፣ አሻራዎቹን ቆጠሩ፣ ዘጠነኛውና ዐሥረኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ ማኅተሙን አነሡ።

«አሁን ጽሑፍህ አያምርም» አሉ ጭቃ የነካውን ወረቀት እያዩ። «ግን እንሰት አለበት።»

ዕግዱ ፍርድ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ተፈረመ። ያን ክረምት አንድም እንሰት አልተቆረጠም።

ፍርድ ቤቱ ሲከፈት፣ ጥቅምት ላይ፣ አቶ ሳህሌ ስመ ጥር ጠበቃ ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። አቶ ይልማ ይባላሉ፤ ሲናገሩ ግድግዳው የሚሰማቸው ዓይነት ሰው። ጋሽ ኸይሩ ቃላቸውን ጠበቁ። ለእኔ ያሉትን አንድም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አሏቸው፦ ጫማዎን ይለውጡ፣ ቁጥር ዘጠኝን ያንብቡ፣ ቆጠራው ልክ አይደለም ካሉ ራስዎ ሄደው ይቁጠሩ። አቶ ይልማ ሳቁ። «እኔ ገበሬ አይደለሁም» አሉ፤ የቆጠራውን ወረቀትም አልገለጡትም። ያን ሳቅ አወቅሁት፤ የራሴ ነው። ጋሽ ኸይሩም እጅ ነስተው መንገድ ለቀቁላቸው።

ችሎቱ ሞልቷል። አቶ ይልማ ተነሡና ጀመሩ። ተከራካሪዎቹም ምስክሮቹም አማርኛ የሚሰሙት በሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ አስተርጓሚ ቆሟል። አቶ ይልማ ግን ቆም ማለት የሚባል ነገር አያውቁም። ከሮማ ሕግ ጀምረው በዘውዱ ሥርዓት አድርገው ወደ ባለይዞታነት መብት ሲደርሱ፣ አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ይከተላቸዋል። በመጨረሻ ላባቸውን ጠርገው «ተርጉም» አሉት። አስተርጓሚው ትንሽ አሰበና በአገሩ ቋንቋ አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ግራዝማች «ምን አልክ?» ቢሉት፣ «እንሰቱ የኛ ነው ይላል ብያለሁ ጌታዬ» አለ። ግራዝማች ጺማቸውን ያዙ፤ ሳቃቸውን እየደበቁ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። «ጠበቃው አስተርጓሚው እስኪጨርስ ዝም እንዲሉ ደንባችን ያዛል። ከእንግዲህ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር» አሉ።

አቶ ይልማ ተናደዱ፤ ተናደውም ያስቀመጡትን መሣሪያ ፈጥነው መዘዙ። «ደንበኛዬ በገዛ እጁ የተከላቸው እንሰቶች ዛሬም እዚያው ጓሮ ቆመዋል። ከሳሿ ይህን ከፍርድ ቤቱ ሸሽጋለች» አሉ። ይህን ብቻ አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው።

ግራዝማች ፋይሉን ገለጡና ጭቃ የነካውን ወረቀት አነሡ። «ረድፍ ዘጠኝና ዐሥር» ብለው አነበቡ። «በአቶ ሳህሌ የተተከለ፣ የመጀመሪያ ዓመት። የወይዘሮ ብርቄ አሻራ አለበት። የአቶ ወልዴም አለበት።» ወረቀቱን አስቀመጡና አቶ ሳህሌን ቀጥታ አዩት። «ያንተን ጽፋልሃለች። የቀረውን ስምንቱን ማን ተከለው?»

አቶ ይልማ ሊመልሱ ሲነሡ ግራዝማች በእጅ ምልክት አስቀመጧቸው። አቶ ሳህሌ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ጣለ። ጠበቃው ያስጠናው መልስ እንደ ነበረው እርግጠኛ ነኝ። ግን የራሱ ድርሻ ሳይጎድል፣ ከነስሙ ተጽፎ ሲያይ፣ የሌላውን መካድ ከበደው።

«ወንድሜ» አለ። ትርጉም አላስፈለገውም።

እኔ ያን ቀን በችሎት የተናገርኩት ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። በሕይወቴ ካሸነፍኳቸው ክርክሮች ሁሉ የምኮራበት ግን እሱ ነው።

ፍርዱ ኅዳር ላይ ተነበበ። ጓሮው ለወይዘሮ ብርቄ፤ አጥሩ ይነሣ፤ አቶ ሳህሌ ሁለቱን ረድፍ ችግኙን ነቅሎ ይውሰድ። የፍርዱን ግልባጭ ለመውሰድ ሦስታችንም ጋሽ ኸይሩ መስኮት ላይ ተገናኘን። አቶ ሳህሌ ወረቀቱን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ወይዘሮ ብርቄ ኮቱን ያዙት።

«አሁን በኅዳር ትነቅለዋለህ? ይሞትብሃል እኮ። እስከ የካቲት እዚያው ይቆይ።»

አቶ ሳህሌ የሚለው ጠፋው። እኔ ግን ጠበቃ ነኝ፣ ምን ይጠፋኛል። ወዲያው ብዕሬን አወጣሁ። «ጥሩ፤ ይህ ስምምነት ስለሆነ በሦስት ቅጂ ይጻፍ፣ እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ውኃ ማን እንደሚያጠጣ፣ ከብት ቢገባ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ...» ብዬ ጋሽ ኸይሩን አየሁ። ቢያንስ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ይወጣዋል ብዬ ነበር።

ጋሽ ኸይሩ የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ። «ለዚህ ደንብ የለንም» አሉ።

«እናውጣለታ።»

«አናወጣም። እዚህ የሚጻፈው ሰው እርስ በርሱ መተማመን ሲያቅተው ነው። እነዚህ አሁን ችለዋል። ምን አስቸኮለህ?»

የካቲት ላይ ለሌላ ጉዳይ ቡታጅራ ሄድኩ። ማንም ሳይልከኝ፣ በላስቲክ ቦት ጫማ፣ እስከ መንደሩ ድረስ ወጣሁ። አጥሩ የለም። አቶ ሳህሌ ሸሚዙን አውልቆ ይቆፍራል፣ ወይዘሮ ብርቄ ችግኙን እያነሡ ያቀብሉታል። የሚተክለው ግን ወደ ራሱ መሬት ወስዶ አይደለም፤ እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው፣ ከወንድሙ እንሰት ቀጥሎ፣ ርቀቱን ሰፋ አድርጎ። የጠበቃ ጭንቅላቴ ያን ጊዜውኑ መሥራት ጀመረ። መሬቱ የእሷ፣ ተክሉ የእሱ፣ የሚደርሰው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ፤ ይህ ነገር የማን ሊባል ነው? ፍርዱስ? የኅዳሩ ትእዛዝስ?

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኸይሩ መስኮት ላይ ተደግፌ ይህን ሁሉ እያለከለክሁ ዘረዘርኩላቸው። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አወረዱና እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ማመልከቻ ያቀረበ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«እንግዲህ ይብሉበታ።»